በጅማ አሮጌ ሰፈር መሀል ዘመናዊ ቤት እንዴት ይሠራል?

ጅማ ውስጥ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት ቦታ ያላቸው ብዙ ቤተሰቦች አሉ። ቦታው ፈረንጅ አራዳ ይሆናል፣ ወይም ሂርማታ ገበያ ዙሪያ። ቤቱ አርጅቷል። ጣሪያው ያፈሳል፣ ቋሚውን ምስጥ በልቶታል፣ ልጆችም በዝተዋል። ያኔ "አፍርሰን እንሥራ" የሚል ሐሳብ ይመጣል። መሥራቱ ተገቢ ነው። ሰው መታጠቢያ ቤት ይፈልጋል፣ ብርሃን ያለው ክፍል ይፈልጋል፣ ለልጆቹም ማጥኛ ቦታ ይፈልጋል። ችግሩ ሌላ ነው። አዲሱ ቤት ሲሠራ ብዙ ጊዜ መንገዱም አብሮ ይፈርሳል።

መንገድ ስል አስፋልቱን አይደለም። ጎን ለጎን የቆሙት ቤቶች አንድ ላይ የሠሩትን መልክ ነው። በረንዳዎቹ በአንድ መስመር ቆመዋል። የጣሪያ ክፈፎቹ፣ ማለትም ከግድግዳው አልፈው የወጡት የጣሪያ ጠርዞች፣ ተቀራራቢ ከፍታ ላይ ናቸው። መስኮቶቹ ጠበብ፣ ረዘም ያሉ ናቸው። መሀላቸው ሰማያዊ መስታወት የለበሰ፣ አጥሩን በላሜራ የዘጋ ፎቅ ሲገባ ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች ሁሉ የፈረሱ ይመስላሉ።

እኔ የምመክረው አንድ ነገር ነው። ከፊት ለፊት መንገዱን አክብሩ፣ ከኋላ እንደ ልባችሁ ሥሩ። ስታከብሩ ደግሞ የድሮውን ጌጥ አትቅዱ። ልኩን ቅዱ። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ቅርጻ ቅርጽ በሲሚንቶ አስመስሎ በአዲስ ቤት ላይ መለጠፍ ለቤተ መንግሥቱም ለቤቱም አይጠቅምም። የበረንዳው ጥልቀት፣ የክፈፉ ከፍታ፣ የመስኮቱ ቁመትና ወርድ ግን ሊወረሱ ይችላሉ፤ ውስጡ የዛሬ ቤት ከመሆንም አያግዱም።

ስለ ከተማው ትንሽ ማወቅ ለሥራው ይረዳል። የጅማ አሮጌ ቤቶች ከአንድ ዘመን የመጡ አይደሉም። በጅሬን ኮረብታ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ፤ የእንጨት ሰገነቱና ሰፊ የጣሪያ ክፈፉ ይታወቃል። ከታች ሂርማታ በሐሙስ ገበያው ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚስብ ቦታ ነበር፤ የነጋዴ ቤትና ሱቅ በዚያ ዙሪያ በቀለ። ከዚያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ጊዜ ጣሊያኖች ጅማን የአንድ ሰፊ ግዛት ማዕከል አድርገዋት ስለነበር የግንብ ቤቶች፣ ቢሮዎችና ቀጥ ያሉ መንገዶች ተጨመሩ። ሦስቱ መልኮች አይመሳሰሉም። የሚያገናኛቸው ዝናቡ ነው። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘንባል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሁሉም ግድግዳቸውን ከመሬት ከፍ አድርገዋል፣ ክፈፋቸውን አስረዝመዋል፣ በረንዳ አውጥተዋል። እናንተም ከዚህ ተነሱ።

ደረጃ 1፦ አንድ ድንጋይ ከመነቀሉ በፊት ወረቀቱን ጨርሱ

ካርታውን አውጡና በቀያሽ ከቦታው ጋር አመሳክሩ። በነባር ይዞታ ላይ ካርታው የሚለውና አጥሩ የቆመበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ልዩነቱ ግማሽ ሜትር ቢሆን እንኳ ዲዛይኑ ከማለቁ በፊት ይታወቅ።

ከዚያ ወደ ከተማው አስተዳደር የፕላን ክፍል ሂዱና የፕላን ስምምነት ጠይቁ። እዚያ ሦስት ነገር ሳትይዙ አትውጡ። የመጀመሪያው የመንገዱ ወሰን ነው። የኮሪደር ልማት ጅማንም ስላዳረሰ ትናንት የነበረ ወሰን ዛሬ ላይኖር ይችላል፤ አዲሱ መስመር የት እንደሚያልፍ በጽሑፍ ውሰዱ። ሁለተኛው በአካባቢው ፕላን የተፈቀደው ከፍታና አገልግሎት ነው። ሦስተኛው፣ ሰው የሚረሳው፣ ቤታችሁ ወይም አጠገባችሁ ያለው ቤት በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ ነው። ይህን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱም ያውቃል።

የተመዘገበ ከሆነ መንገዱ ይለያል። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥገና ሥራ የሚሠራው ቅድሚያ በቅርስ ባለሥልጣኑ ሲፈቀድ ነው። "ትንሽ ልስን ብቻ ነው" የሚባል ነገር የለም። ፈቃዱ እስኪመጣ አትንኩት።

ያልተመዘገበ ቢሆንም ለማፍረስ አትቸኩሉ። መሐንዲስ ጠርታችሁ የፊቱን ክፍል አስመርምሩ። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ መሠረቱም ካልሰመጠ፣ የፊቱን 4 ወይም 5 ሜትር አቆይቶ ከኋላው አዲስ መገንባት ይቻላል። እኔ ይህን መንገድ አብልጬ እወዳለሁ። የድሮው ሳሎን የእንግዳ መቀበያ ይሆናል፣ አዲሱ ኑሮ ከኋላ ይጀምራል።

የግንባታ ፈቃዱን በተመለከተ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ መድቧል። በዚያ አመዳደብ ፎቅ የሌለው መኖሪያ ቤት ምድብ ሀ ነው። ጂ ፕላስ ዋን፣ ማለትም ምድርና አንድ ፎቅ፣ ሲሆን ወደ ምድብ ለ ይገባል፤ የሚጠየቀው ዲዛይንና የባለሙያ ዓይነትም ከፍ ይላል። ሕግ ስለሚሻሻል ፈቃድ በምትጠይቁበት ጊዜ የሚሠራበትን እዚያው አረጋግጡ።

ደረጃ 2፦ መንገዱን ለኩ

የዚህ ሁሉ ሥራ ልብ እዚህ ነው። ብዙ ሰው ዲዛይን የሚጀምረው ከኢንተርኔት ባገኘው ፎቶ ነው። ፎቶው የሌላ አገር መንገድ ነው። እናንተ ከራሳችሁ መንገድ ጀምሩ።

የሚያስፈልገው ባለ 5 ሜትር ሜትር፣ ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ ወይም አጣና፣ ስልክና ደብተር ነው። አንድ ሰው ይርዳችሁ። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ጀምሩ። ከቤታችሁ ግራ አምስት ቤት፣ ቀኝ አምስት ቤት፣ ከቻላችሁ ፊት ለፊት ያሉትንም ጨምሩ። ከማንም በር ላይ ሜትር ከመዘርጋታችሁ በፊት ሰላም በሉ፣ ለምን እንደሆነ ተናገሩ። "ጋሼ፣ ቤት ልንሠራ ነው፤ ከእናንተ ቤት ጋር እንዲስማማ ልኩን ልንወስድ ነው" ሲባል የሚከለክል አላየሁም። ብዙዎቹ ቡና ይዘው ይወጣሉ፤ ቤቱን ማን እንደሠራው፣ በየትኛው ዓመት ጣሪያው እንደተቀየረ ይነግሯችኋል። እሱንም ጻፉት።

ለእያንዳንዱ ቤት ይህን መዝግቡ። ከመንገዱ ጠርዝ እስከ በረንዳው ምሰሶ ስንት ሜትር ነው? የበረንዳው ወለል ከመንገዱ በስንት ከፍ ይላል? የበረንዳው ጥልቀትስ? ምሰሶዎቹ በስንት ሜትር ይራራቃሉ? የጣሪያው ክፈፍ ከመሬት ስንት ነው? አጣናውን ክፈፉ ላይ አስደግፋችሁ ምልክት አድርጉና አውርዳችሁ ለኩት። የጣሪያው ተዳፋት ስንት ዲግሪ ነው? ስልኮች ላይ ያለው የማዕዘን መለኪያ ይበቃል፤ መንገዱን ተሻግራችሁ የስልኩን ጠርዝ ከጣሪያው መስመር ጋር አስተካክላችሁ አንብቡ። በመጨረሻ የአንድ መስኮት ወርድና ቁመት፣ በመስኮቶች መሀል ያለው ግድግዳም ስንት እንደሆነ።

ከዚያ እያንዳንዱን ቤት ፊት ለፊት ቆማችሁ ፎቶ አንሡ፤ ከመሀሉ ትይዩ፣ ስልኩን ሳታዘነብሉ። ፎቶዎቹን በተርታ አትማችሁ በአንድ ረጅም ወረቀት ላይ ለጥፉ። የእናንተን ቦታ ባዶ ተዉት። አሁን መንገዱ በአንድ ገጽ ላይ ነው። በእርሳስና በማስመሪያ ከአንዱ ክፈፍ ወደ ሌላው መስመር አስምሩ። በረንዳዎቹን አገናኙ። መስመሮቹ ባዶው ቦታ ላይ ሲያልፉ የቤታችሁ የፊት መልክ ግማሹ ተሣለ።

ቁጥሮቹ በትክክል እኩል አይሆኑም። አንዱ ክፈፍ 2.6 ሜትር፣ ሌላው 3.1 ሊሆን ይችላል። ትክክለኛ አማካይ አታስሉ። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ጻፉ፤ የእናንተ ቤት በዚያ መሀል ይውደቅ። ከሁሉም የወጣ አንድ ቤት ካለ፣ ለምሳሌ በቅርቡ የተሠራ ፎቅ፣ እሱን ከልኩ ውስጥ አታስገቡት። "እሱም አድርጓል" የሚለው ምክንያት ነው መንገዶቻችንን የጨረሰው።

ይህን ወረቀት ለአርክቴክቱ ስጡት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስላለው በከተማው ውስጥ ልኬትና ሥዕል የሚችሉ ወጣቶች ማግኘት አይከብድም። ዲዛይኑ ሲመለስላችሁም የፊት ለፊት ሥዕሉን ብቻውን አትቀበሉ። ከግራና ቀኝ ቤቶች ጋር አብሮ የተሣለ ይሁን። ቤት ብቻውን በነጭ ወረቀት ላይ ሲታይ ሁልጊዜ ያምራል።

ደረጃ 3፦ ግዙፉን ክፍል ወደ ኋላ ውሰዱ

አሮጌዎቹ ቤቶች በአብዛኛው ምድር ቤት ናቸው። እናንተ ፎቅ ያስፈልጋችኋል እንበል። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል፤ ፊቱን ባለ አንድ ወለል አድርጉ፣ ፎቁን ከኋላ አቁሙ። ምን ያህል ወደ ኋላ? ይህን መገመት አያስፈልግም፣ ይሰላል።

ከመንገዱ ማዶ የቆመ ሰው ዓይኑ ከመሬት 1.6 ሜትር ላይ ነው። የፊቱ ጣሪያ አናት 6 ሜትር ይሁን። ሰውየው ከዚያ አናት በአግድም 14 ሜትር ይርቃል እንበል፤ 10 ሜትር እስከ ግድግዳው፣ 4 ሜትር ደግሞ ከግድግዳው እስከ ጣሪያው አናት። የዓይኑ መስመር በ14 ሜትር ውስጥ 4.4 ሜትር ይወጣል። ያው መስመር ከአናቱ ሌላ 8 ሜትር ወደ ኋላ ሲሄድ ከመሬት ወደ 8.5 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ከአናቱ 8 ሜትር ኋላ የቆመ፣ ከፍታው ከ8.5 ሜትር ያልበለጠ ፎቅ ፊት ለፊት ለቆመ ሰው አይታይም። አንድ ጂ ፕላስ ዋን በዚህ ውስጥ ይገባል። የራሳችሁን መንገድ ስፋትና ጣሪያ እያስገባችሁ አስሉት።

ከመንገዱ ጫፍ በሰያፍ ለሚያይ ሰው ግን የጎኑ ግድግዳ ሊታይ ይችላል። ጎኑ ባዶ ብሎኬት ሆኖ እንዳይቀር በዚያ በኩልም ልስንና ቀለም በጀት ያዙ። ጎረቤት የሚያየው ያንን ነው።

ቦታው ጠባብ ከሆነና ወደ ኋላ መሄድ ካልተቻለ የላይኛውን ክፍል በጣሪያው ውስጥ አስገቡት። ተዳፋቱ በቂ ከሆነ ከቆርቆሮው ሥር አንድ ሁለት መኝታ ክፍል ይወጣል። ሙቀትና የዝናብ ድምፅ ስለሚኖር ከቆርቆሮውና ከኮርኒሱ መሀል ወፍራም መከላከያ ማስገባት ግድ ነው።

ደረጃ 4፦ በረንዳና ጣሪያ

በጅማ ቤት በረንዳን መቀነስ ትልቅ ጥፋት ነው። ሰው እዚያ ይቀመጣል፣ ዝናብ የያዘው መንገደኛ ይጠለላል፣ ቡና ይፈላል፣ ልጅ ይጫወታል። ግድግዳውን ከርጥበት የሚያድነውም እሱ ነው። አሁን አሁን የሚሠሩት ቤቶች በረንዳቸው 1 ሜትር ነው፤ ሰው ያልፍበታል እንጂ አይቀመጥበትም። ቢያንስ 2 ሜትር ይሁን። ወንበር ተደርድሮ፣ ረከቦት ተቀምጦ፣ ሰው በጎን ሲያልፍ የማይረግጠው ልክ ያ ነው። የጎረቤቶቻችሁ በረንዳ ከዚያ ከሰፋ የነሱን ተከተሉ።

ምሰሶው ቀጭን ይሁን። የድሮዎቹ ቤቶች ቀጭን የእንጨት ምሰሶ ነው ያላቸው። የዛሬው ልማድ ግን 40 በ40 ሴንቲ ሜትር አርማታ አቁሞ በላዩ የግሪክ ቅርጽ መደፍጠጥ ነው። ለበረንዳ ጣሪያ ያ ሁሉ አያስፈልግም። በደንብ የደረቀ እንጨት በድንጋይ ወይም በብረት እግር ላይ አቁሙ፤ ወይም ቱቦላሬ ብረት ቀለም ቀብታችሁ ተጠቀሙ። ብረት ዘመናዊ ነው፣ ቀጭን ነው፣ አያስመስልም። የምሰሶዎቹ ርቀት ብቻ ከመንገዱ ልክ ይወሰድ። እንጨት ከሆነ ጫፉ መሬት አይንካ፤ ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ውሃና ምስጥ የሚገቡት በዚያ ነው።

ስለ ፀሐይ ይህን እወቁ። ጅማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ግድም ላይ ናት። ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከሰሜን በኩል ትሆናለች። በቀሪው ጊዜ ከደቡብ። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ከፍታዋ 59 ዲግሪ ያህል ነው። በደቡብ ግድግዳ ላይ ክፈፉ 2.6 ሜትር፣ የመስኮቱ ደፍ 1 ሜትር ከሆነ፣ 1 ሜትር የወጣ ክፈፍ መስኮቱን በሙሉ ያጠላለታል። ለሰሜኑ ግማሽ ሜትር ይበቃል። የምሥራቅና የምዕራብ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ ስለምትመጣ በክፈፍ አትቆምም። ምዕራብ የሚያየው ግድግዳ በረንዳ፣ ዛፍ ወይም የእንጨት መዝጊያ ይፈልጋል።

ጣሪያው ቆርቆሮ ይሁን። የሰፈሩ ልብስ ነው፣ ለዝናቡም ይሆናል። በሜዳማ ጣሪያ ላይ ፓራፔት (ከጣሪያው ጠርዝ በላይ የሚወጣ ግንብ) አቁሞ ቆርቆሮውን መደበቅ ግን በጅማ አልመክርም። ፓራፔቱ ሥር ያለው አሸንዳ በቅጠልና በአቧራ ይደፈናል፣ ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል፣ ግድግዳው ይጠቁራል። ክፈፉ ይውጣ፣ አሸንዳው ከውጭ ይታይ፣ በመሰላል የሚጸዳ ይሁን።

አሸንዳውን ለግምት አትተዉት። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚሆን ዶፍ ቢወርድ በደቂቃ 100 ሊትር ውሃ ይመጣል። በአንድ ቀጭን ቱቦ አይወርድም። ቢያንስ ሁለት ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ስጡት። ያው ጣሪያ በዓመት 150,000 ሊትር ያህል ይቀበላል፤ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 120,000 ሊትር ይቀራል። የቧንቧ ውሃ በሚጠፋበት ሰፈር ይህን ወደ መንገድ መድፋት ያሳዝናል። ከመሬት በታች ገንዳ ወይም ከኋላ ሮቶ አስቀምጡ። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ሲያጥብ የሚመጣውን ቆሻሻ ውሃ የሚያስወጣ ቱቦ ይኑረው።

ደረጃ 5፦ መስኮት

አሮጌ መስኮት ቁመቱ ከወርዱ ይበልጣል። አዲሱ ልማድ ተቃራኒው ነው፤ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚይዝ አሉሚኒየም። ብርሃን ፈላጊው ልክ ነው፣ አሮጌ ቤት ውስጡ ይጨልማል። መፍትሔው መስኮቱን ማብዛት ነው። ሳሎን ላይ አንድ 4 ሜትር መስኮት ከማድረግ ሦስት ረጃጅም መስኮቶችን ደርድሩ።

ልኩን ከብሎኬቱ አውጡት። ብሎኬት ከነሲሚንቶው 41 በ21 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ወርዱን ሁለት ተኩል ብሎኬት፣ ቁመቱን ሰባት ረድፍ ብታደርጉ 1.02 በ1.47 ሜትር ይሆናል። በመሀላቸው አንድ ብሎኬት ግድግዳ ተዉ። ሦስቱ አንድ ላይ 3.9 ሜትር ይይዛሉ፤ ወደ 4.5 ካሬ ሜትር ክፍት ቦታ ይሰጣሉ። ግንበኛው ብሎኬት እየሰበረ አያባክንም፣ መንገዱም የለመደውን መልክ ያገኛል።

ከፊት አንፀባራቂ መስታወት አይግባ። ቀን ቀን ከውጭ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፣ ማታ መብራት ሲበራ ደግሞ ውስጣችሁ ሁሉ ይታያል። ገመና የምትፈልጉ ከሆነ የእንጨት መዝጊያ ይሻላል፤ ዘንጉን ከፈት ብታደርጉት አየር ያስገባል፣ ሰው አያሳይም። ከኋላ በኩል፣ ወደ ጓሮው፣ የፈለጋችሁትን ያህል ሰፊ መስታወት አድርጉ። ዘመናዊነቱ የሚያምረው እዚያ ነው፤ ሳሎኑ ከጓሮው ቡናና ሙዝ ጋር ይገናኛል።

ደረጃ 6፦ ግድግዳ፣ እንጨት፣ ቀለም

የግድግዳው የታችኛው 60 ሴንቲ ሜትር በድንጋይ ይገንባ፤ ከመሬት የሚረጨውን ውሃና ጭቃ የሚችለው ድንጋይ ነው። ከዚያ በላይ ብሎኬት ተለስኖ ይቀባ። አሉኮቦንድ (የሚያብረቀርቀው የአሉሚኒየም ግድግዳ ሽፋን) በዚህ መንገድ ላይ ቦታ የለውም።

የድሮውን ጭቃ ግድግዳ ካቆያችሁ አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለኝ። በሲሚንቶ አትለስኑት። ጭቃ እርጥበት ይስባል ይተፋል። ሲሚንቶ ያፍነዋል። ውሃው ውስጥ ይታጎርና እንጨቱን ያበሰብሳል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ በላዩ ኖራ ይሁን።

የጅማ አናጢዎች ሙያ ከበርጩማው ጀምሮ በአገር የታወቀ ነው። ገንዘባችሁን የምታወጡበት ቦታ ካለ እዚህ አውጡት፤ የፊት በር፣ የበረንዳ ደረብ፣ የመስኮት መዝጊያ። ዋንዛ የሚወደድ እንጨት ነው፤ ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥ ግን የተከለከለ ስለሆነ ከየት እንደመጣ ወረቀት ጠይቁ። እርጥብ እንጨት አትቀበሉ። ክረምት ላይ የተሠራ በር በጋ ሲመጣ ይሰነጠቃል። አናጢው ከእናንተ በፊት ወራት ቀድሞ እንጨቱን ከጥላ ሥር ደርድሮ እንዲያደርቅ ቀብድ ቀድማችሁ ስጡት።

ቀለሙን ከጎረቤት ግድግዳ ውሰዱ። በአሮጌው ልስን ላይ ተደራርበው የተቀቡትን ቀለሞች ተመልከቱ፤ ክሬም፣ ቀላ ያለ ቢጫ፣ ደብዛዛ አረንጓዴ ይገኛል። ከነዚያ አንዱን ምረጡ።

ደረጃ 7፦ መሠረት ስትቆፍሩ ጎረቤትን አድኑ

የጎረቤታችሁ ቤት መሠረት ድንጋይና ጭቃ ሊሆን ይችላል፣ ጥልቀቱም አነስተኛ። እናንተ ከጎኑ ጥልቅ ቦይ ቆፍራችሁ ዝናብ ከገባበት ግድግዳው ወደ እናንተ ይመጣል። ቁፋሮውን ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በጋ ጨርሱ። በወሰን በኩል አንድ ጊዜ በሙሉ አትቆፍሩ፤ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቆፍራችሁ፣ ገንብታችሁ፣ ከዚያ ቀጥሉ። የመሐንዲሱ ትእዛዝ ከዚህ ከጠበቀ እሱን ስሙ።

ከቁፋሮው በፊት ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ በግድግዳው ላይ ያሉ ስንጥቆችን ሁሉ ፎቶ አንሡ፣ ቀን ጻፉበት፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ይህ አለመተማመን አይደለም። በኋላ ስንጥቅ ሲታይ ሽማግሌ ሊቀመጥበት የሚችል ማስረጃ ነው። በዚያው የጣሪያችሁ ውሃ ወዴት እንደሚሄድና የወሰን አጥሩን ማን እንደሚሠራ ተስማሙ።

አፈሩንም እወቁ። ከፍ ባለው የከተማው ክፍል ቀይ አፈር ታገኛላችሁ። ወደ አዌቱ ወንዝ ዳርና ወደ ቦዬ ረግረግ ስትጠጉ ውሃው ቅርብ ነው፤ ጥቁር አፈርም ሊያጋጥም ይችላል፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ሁለት ሦስት ቦታ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍራችሁ መሐንዲሱ ይይ። የመሠረቱን ዓይነት ፎርማን አይወስነውም። የጉድጓድ ውሃ ያለው ጎረቤት ካለ ደግሞ ሴፕቲክ ታንኩን በተቻለ መጠን 30 ሜትር አርቁት፤ ቦታ ካጣ ውሃ የማያሳልፍ አርማታ ይሁን።

ደረጃ 8፦ አጥር፣ በር፣ ዲሽና ሮቶ

ቤቱ በትክክል ተሠርቶ በእነዚህ የሚበላሽበት ጊዜ ብዙ ነው። ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው የላሜራ አጥር በረንዳውን ከሸፈነ ሁሉም ልፋት ከንቱ ሆነ። ድንጋይ አጥር እስከ 1 ሜትር፣ ከዚያ በላይ የሚያሳይ ብረት ወይም ቁጥቋጦ ይበቃል። ለመኪና በር 3 ሜትር ስፋት በቂ ነው፤ በቤቱ ጎን እንጂ መሀል ላይ አይሁን።

ሮቶው፣ ዲሹ፣ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያው ከጣሪያው አናት በስተ ኋላ ይቀመጡ። የቆጣሪ ሳጥኑ በበረንዳው የጎን ግድግዳ ውስጥ ይግባ። ይህን ከዲዛይኑ ጋር ካልወሰናችሁት ሠራተኛው በመጨረሻው ቀን ፊት ለፊት ይሰቅለዋል።

ውስጡን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ የራሳችሁ ኑሮ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ የእንጀራ ምጣዱና የቡና ቁሌቱ ጭስ መውጫ ይፈልጋል። ዘመናዊ ኩሽና ውስጥ መስኮት ሳይኖር የጭስ መሳቢያ ኮፍያ ብቻ ተሰቅሎ ይታያል። ወደ ጓሮ የሚከፈት፣ ጣሪያ ያለው የሥራ ቦታ ጨምሩ። እንግዳ የሚቀበል ክፍል ከፊት፣ የቤተሰቡ ኑሮ ከኋላ ቢሆን ደግሞ ከባህላችንም ከላይ ካልነው አሠራርም ጋር ይገጥማል።

ደረጃ 9፦ ውልና ክፍያ

ውሉ ላይ ሥዕል አይበቃም። ሥራው ከመስፋፋቱ በፊት አንድ ሙሉ መስኮት ከነመዝጊያው፣ አንድ ካሬ ሜትር ልስን ከነቀለሙ፣ አንድ የበረንዳ ምሰሶ ከነእግሩ በናሙና ይሠሩ። መንገዱ ማዶ ቆማችሁ እዩዋቸው። ከተስማማችሁ ቀሪው በዚያ ይሠራል፤ ውሉም "በናሙናው መሠረት" ይበል።

ክፍያውን በደረጃ ከፋፍሉት፦ መሠረት፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ማጠናቀቂያ። ከጠቅላላው 5 በመቶ አስቀሩ፤ አንድ ሙሉ ክረምት እስኪያልፍ አትክፈሉት። ይህ በውሉ ከመጀመሪያ ይጻፍ። በሐምሌ አንድ ዶፍ ሲወርድ ጃንጥላ ይዛችሁ ቤቱን ዙሩት። አሸንዳው የት ይፈሳል? በረንዳው ላይ ውሃ ይቆማል? ከጎረቤት ግድግዳ ሥር የሚሄድ ጎርፍ አለ? በቪዲዮ ቅዱት፣ ለሥራ ተቋራጩ አሳዩት፣ ተስተካክሎ በሚቀጥለው ዝናብ ከተፈተሸ በኋላ ቀሪውን ክፈሉ።